አፍንጫዋን ወደ ግድግዳ

መተማ ዮሐንስ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሰፍዋን፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ወረቀት እርስዎንም፣ ልጅዎን ዘሀቢያንም፣ የልጅ ልጆችዎንም በአላህ ጥበቃ ሥር ሆናችሁ እንዲያገኛችሁ ዱዓዬ ነው። እኛ አልሐምዱ ሊላህ አለን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። «ወንድሜን በዓይኔ ሳላየው አልሞትም በይው» ብላለች፤ እንዳለችው ጻፍኩት።

ስልክ ከጠፋ ስለሰነበተ ነው እንደ ድሮ ሰው ወረቀት የያዝኩት። የሚያደርስልኝ በእግሩ የሚሻገር የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ አደራውን ቢበላ ሽንኩርቱ ይበስብስበት።

አጎቴ፣ ዙሪያ ጥምጥም እርስዎም አይወዱም፣ እኔም አልወድም። ስለ መኪናዋ ልጠይቅዎ ነው። «ዘሀቢያን አይቼ በሳምንቱ እመለሳለሁ» ብለው ሲሻገሩ አይሱዙዋን ከሱቃችን አለፍ ብሎ ባለው መተላለፊያ አስገብተው፣ ቆልፈው ቁልፉን ለእማዬ ሰጥተው ሄዱ። ድንበሩ ተዘጋ፤ እርስዎ እዚያ ቀሩ፣ እሷም እዚያው ቀረች። አፍንጫዋ ከዳር ግድግዳው ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረው። በአንድ ጎኗ የጎረቤታችን የረፊቃ የቆርቆሮ ሱቅ፣ በሌላው ጎኗ የሰሊጥ መጋዘኑ አለ፤ በመካከል ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። መውጫዋ ወደ ኋላ ብቻ ነው።

ከተማው ግማሹ ወጥቷል። ተኩሱን አሁን ሕፃን እንኳ አይደነግጥለትም። ሚኒባስ ከቆመ ከረመ፤ በወታደር እጀባ ወደ ሸሕዲ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ብቻ ናቸው። መኪና ያለው ቤተሰቡንና ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። እኛም መኪና አለን፤ ግን ከሌላቸው እኩል ተቀምጠናል።

ሸሕዲ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ መግባቴን ያውቃሉ። ወደፊት መንዳቱን ችዬዋለሁ። የኋላ ማርሽ ላይ ልንደርስ ስንል መንገዱ ተዘጋና ትምህርቱ ቀረ። አንድ ሾፌር ለምኜ አምጥቼ ነበር፤ መተላለፊያውን አየና «ይህን ያስገባ ሰው ራሱ ያውጣው» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሾፌር የሚባል ዘር በከተማው አላየሁም።

እንግዲህ ያስተምሩኝ። አንድ ሌላ ነገርም ልጠይቅዎ። መተማ የሚያድር ሾፌር ሁሉ መኪናውን ወደ ኋላ አስገብቶ፣ አፍንጫውን ወደ መውጫው አድርጎ ነው የሚያቆመው። አባቴ ሷሊህ፣ አላህ ይርሐመው፣ አንድ ቀን ቢረሳ «ድንበር ላይ እየኖርክ!» ብለው የጮኹበትን አስታውሳለሁ። ታዲያ ያን ቀን ለምን አፍንጫዋን ወደ ግድግዳ አቆሟት?

የእህትዎ ልጅ ሩፊዳ


ገዳሪፍ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሩፊዳ ሷሊህ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ፆማችሁን ይቀበል፤ የእናትሽን ጉልበት ያጽናልኝ። ነጋዴው ደብዳቤሽን ሽንኩርት መሐል ከትቶ አመጣልኝ። ሳነበው እንባዬ ወረደ፤ በሽንኩርቱ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ።

መኪናዋን አትንኪያት። ዒድን ከልጆቹ ጋር ላድርግና፣ ድንበሩ ቢከፈትም ባይከፈትም በጫካ አቋርጬ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ አወጣታለሁ። ሌላውን ጥያቄሽን ስመጣ እንጫወተዋለን።

ለእኔ አታስቡ። እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። አንድ የጭነት ግቢ ውስጥ ከባድ መኪኖችን ከኋላ ቆሜ «ና፣ ና» እያልኩ አስገባለሁ፣ አስወጣለሁ። መሪ ባልይዝም የናፍጣ ሽታ አልተለየኝም።

ከሾፌሩ ወንበር ሥር ቡናማ የቆዳ ጫማዬ አለ፤ አባትሽ የገዛልኝ። በኮንጎ ጫማ መንዳት ስለምወድ ረስቼው መጣሁ። ጠርገሽ ለነጋዴው ስጪልኝ። ለዒድ ሶላት በሰው ጫማ አልወጣም።

አሁን ወደ አንቺ። አውቅሻለሁ፤ አትንኪ ያሉሽን ነው የምትነኪው። ስለዚህ ሳትነኪ ተማሪ። የመኪናዋን ወርድ የሚያክል ዘንግ ፈልጊና በትከሻሽ አግድመሽ በሻርፕ እሰሪው። ከእናትሽ ሁለት መስታወት ተዋሺ፤ በየእጅሽ አንዳንድ ያዢ። ከዚያ ከመኪናዋ ኋላ ተነስተሽ እስከ አስፋልቱ ወደ ኋላ ሂጂ። አንገትሽን አታዙሪ፤ መስታወቱን ብቻ እዪ። ዘንጉ ግድግዳ ከነካ ተመልሰሽ ከመጀመሪያው ጀምሪ።

ወደፊት ማንም ይሄዳል፤ አህያም ትሄዳለች። የኋላ ማርሽ ግን የትዕግሥተኛ ነው። ነዳጅ አይረገጥም፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ያዝ፣ ለቀቅ ያዝ። ወደ ኋላ መሄድ የግራ እግር ሥራ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?

ረዳት ደግሞ ከኋላሽ ይቁም። ስፖንዳውን፣ የጭነቱን የኋላ መዝጊያ፣ ሁለቴ በመዳፉ ሲመታ ነይ ማለት ነው፤ አንዴ ሲመታ ቁሚ። እኔና አባትሽ ዕድሜያችንን የፈጀነው በዚሁ ነው።

አጎትሽ ሰፍዋን


መተማ ዮሐንስ
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ ዐለይኩም። ዒዱን እንዴት ዋሉ? አላህ ለከርሞው በአንድ ሰሐን ያብላን። እኛ መንገዱን እያየን ዋልን፤ እማዬ ድርሻዎን ለብቻው አውጥታ እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ከድናው ነበር።

መስታወቱም ተገኘ፣ ዘንጉም ተገኘ፣ ጉዱም ተገኘ። «የሷሊህ ልጅ ለየላት» ብሎ ያልሳቀብኝ የለም። መጀመሪያ ያየኝ ምናለ የሚባል የጎጃም ሰው ነው። ኮኪት ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ፣ መንገዱ ሲዘጋበት አገሩ መግባት አቅቶት የጎናችንን መጋዘን ይጠብቃል። ዘንግ ተሸክሜ ወደ ኋላ ስመጣበት «በስመ አብ! ቆላ ሰው ጠምደው ያርሳሉ እንዴ?» ብሎ አማተበ። ነገሩን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሲስቅ ቆየና «እኔ ከኋላ ልንዳሻ» አለኝ። እንደ በሬ ነው የሚነዳኝ። «ቁም!» ይለኛል፤ «ቁሚ በል እንጂ» ስለው «ምን ላርግ፣ ሴት ጠምጄ አላውቅማ!» ይላል።

ግራ ቀኝ ሲለኝ ግን በመስታወቱ ይምታታብኛል። ስለዚህ ግራና ቀኝን ትተን «ወደ ረፊቃ» እና «ወደ መጋዘን» ተባባልን። ይኸው ረፊቃ ስሟ በተጠራ ቁጥር «አቤት! ምን ልሽጥላችሁ?» እያለች ትወጣለች። አሁን ዘንጉ ግድግዳ ሳይነካ አስፋልቱ ጋ እደርሳለሁ።

የማትስቀው እማዬ ብቻ ናት። ትናንት ቆማ ስታየኝ ቆየችና «ሰፍዋን ይመጣል አይደል እንዴ? አንቺ ለምን ትለፊያለሽ?» አለችኝ። ለረፊቃ ደግሞ «መኪናዋ እዚያ እስካለች ወንድሜ ይመለሳል። እሷ ከወጣች ምን ሊል ይመጣል?» ስትላት ሰማሁ።

ጫማዎን ወልውዬ በፌስታል አስቀምጬዋለሁ። የሽንኩርቱ ነጋዴ ብቅ አላለም። ይህን ወረቀት ለሌላ ሰው ሰጠሁ፤ ጫማውን ግን ሰው አላመንኩም። መቼ ይመጣሉ?

ሩፊዳ


መተማ ዮሐንስ
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ወረቀቴ ደርሶዎት ይሆን? ከማዶ ከገላባት በእግሩ የመጣውን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ አየሁት የሚል የለም።

በዚህ መንገድ ከእኛና ከረፊቃ በቀር ሱቅ የሚከፍት አልቀረም። ባለፈው እጀባ የምንጭ ውኃ በካሮ፣ በአህያ ጋሪ፣ የሚያመላልሱልን ሰዎች ሳይቀሩ ሄዱ። እማዬን በሰው መኪና ላይ እንሳፈር ብላት «ወንድሜ መጥቶ ባዶ ቤት ይግባ?» ብላ አኮረፈችኝ። አንዲት ቃል ይላኩልን።

ሩፊዳ


ገዳሪፍ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩፊዳ

ሰላሙን ሁሉ አስቀድሜአለሁ። የምጽፈው እኔ ዘሀቢያ ነኝ፤ አባቴ ተኝቶ ይናገራል፣ እኔ ቃል በቃል እጽፋለሁ፦

ታምሜ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል፣ አልሐምዱ ሊላህ። ለእናትሽ ጉንፋን ነው በያት። የመምጣቴን ነገር አላህ ያውቃል።

ጫማውን አትላኪ። እዚህ ሙቀቱ ጫማ አያስደርግም። ለሚሆነው ሰው ስጡት።

ዘንጉን አውርጂው፤ አሁን መሪ ላይ ውጪ። ኋላዋን ስታዪ አፍንጫዋን አትርሺ፤ ኋላዋ ወደ አንዱ ግድግዳ ሲዞር አፍንጫዋ ወደ ሌላው ይዞራል። መሪውን በጣት ያህል አዙሪ፣ መልሺ።

ያን ጊዜ ረዳት ከኋላሽ ይቁም ብዬሽ ነበር። ሰርዢው! ምናለ ከኋላሽ አይቁም። ራቅ ብሎ፣ ዳር ይዞ፣ ፊቱ በመስታወት በሚታይሽ ቦታ ይቁም። ፊቱ ከመስታወቱ የጠፋ እንደሆነ ፍሬን! ስፖንዳውን መታ አልመታ፣ ጮኸ አልጮኸ፣ ፍሬን! ይህን ካልሰማሽኝ ቁልፉን እንዳትነኪ፤ ሐራም ይሁንብሽ። ለምናለም ይህን አንብቢለት፤ ሁለቴ አንብቢለት።

ሰፍዋን


መተማ ዮሐንስ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ ዐለይኩም። ዛሬ ሰላምታ አላበዛም፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ተናድጃለሁ።

እማዬ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ ቁልፉን አነሳሁ። ሞተሩ እያጓራ ተነሳ። ምናለ አስፋልቱ ጫፍ ቆመ፤ ፊቱን በመስታወት አየሁት። ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ያዝ እያልኩ ስጀምር እንዴት ደስ አለኝ መሰልዎ! መኪናዋ ከዚያ ግድግዳ ስትላቀቅ እኔም አብሬ የተላቀቅኩ መሰለኝ። ምናለ «ወደ መጋዘን! ወደ መጋዘን!» ሲለኝ መሪውን አዞርኩት። የጻፉልኝን አፍንጫ ግን ረሳሁት። ኋላዋ ወደ መጋዘን ሲሄድ አፍንጫዋ ወደ ረፊቃ ሄዶ ቆርቆሮዋን ገሸለጠው። ረፊቃ ጨርቋን እያራገፈች ወጥታ «ስሜን ስትጠሩ ከረማችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ራሳችሁ መጣችሁ?» አለችን። ሰው አልተነካም።

ጩኸቱን ሰምታ እማዬ ደረሰች። ጋቢናውን ከፍታ ቁልፉን ነቀለችና ጡቷ ሥር ከተተችው። «ሰፍዋን ያስገባትን ሰፍዋን ያወጣታል!» አለች። አሁን መኪናዋ እንደ ተሰካ አጥንት በመተላለፊያው ጉሮሮ ውስጥ አግድም ቆማለች። ወደፊትም የለም፣ ወደ ኋላም የለም።

ዝናቡ ጀምሯል። የመተላለፊያውን አፈር ያውቁታል፤ ዋልካ ነው። ትንሽ ከበረታ ጎማዋን ውጦ እስከ መስከረም አይለቃትም። የሚቀጥለው እጀባ ካለፈ ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ ሌላ የለም ተብሏል።

አጎቴ፣ ለምን አፍንጫዋን ወደ ግድግዳ እንዳቆሟት መልስ አልሰጡኝም። እኔ ልንገርዎ። ከእርስዎ በቀር የሚያወጣት እንዳይኖር ነው። እርስዎ ሳይመለሱ እንዳንሄድ፣ ማንም እንዳይሸጣት፣ ማንም እንዳይወስዳት። ያኔ ለሳምንት ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም። አሁን ግን እማዬም እንደ መኪናዋ ሆናለች። አፍንጫዋን ግድግዳ ላይ ደቅና የእርስዎን እጅ ትጠብቃለች። እኔም በሁለቱ መሐል ታንቄያለሁ።

ወይ ይምጡ፣ ወይ አልመጣም ይበሉ። «አላህ ያውቃል» እያሉ አያስቀምጡን። አላህማ ያውቃል፤ እኛ ነን የማናውቀው።

ደግሞስ ረዳቱ ከኋላ አይቁም ብለው ያን ያህል የጮኹት ለምንድን ነው? ዕድሜዎን ሙሉ ረዳት ከኋላ ሲያቆሙ አልነበረም?

ሩፊዳ


ገዳሪፍ
ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፊዳ

ወዐለይኩሙ ሰላም። ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ቢንጋደድብሽ ታገሺኝ፤ ጋደም ብዬ ነው።

ስለ ግድግዳው ያልሽው፣ እንዳልሽው ነው።

ስለ ረዳቱ ልንገርሽ። ዒድ ካለፈ በኋላ በዚያ በጭነት ግቢው አንድ አዲስ ሾፌር መጣ። ገና በመለማመድ ላይ ያለ ልጅ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላው ቆሜ፣ እጄን ስፖንዳው ላይ አድርጌ «ና፣ ና» እለዋለሁ። ከጀርባዬ የሲሚንቶ ግድግዳ ነበር። አንዴ መታሁለት። አልሰማም። ደግሜ መታሁ፤ ለካ ሁለቴ መምታት ና ማለት ነው። መጣ።

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የለም፣ ሩፊ። የፍሪሲዮኑ እግር።

ልጁን አልረገምኩትም። ሐኪም ቤት ከእኔ የበለጠ ሲያለቅስ የነበረው እሱ ነው። ዓይኖቹ አሁንም አይለቁኝም፤ የቆረጡትን እግር እንኳ እንደዚያ አላስበውም። አንቺም ምናለን ከኋላሽ አቁመሽ፣ እንደዚያ ልጅ እያለቀስሽ እንዳትቀሪ ነበር የጮኽኩት። እኔ ያስተማርኩሽ ምት ሁለቴና አንዴ ነው፤ ያ ምት እግሬን በላው።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። የእናትሽን ጉልበቷንም ልቧንም አውቀዋለሁ። አሁን ግን ዝምታዬ እናንተን ግድግዳ ላይ ለጥፏችኋል። ስለዚህ አንብቢላት። ቀስ ብለሽ፣ ምንም ሳትቀንሺ።

በያት፦ መኪናዋን የሚያወጣው ሰፍዋን አይመጣም። ያ ሰው አለቀ። ወንድምሽ ሰፍዋን ግን በምርኩዝም ቢሆን አንድ ቀን ይመጣል ኢንሻአላህ። የሚመጣውም እናንተ ወዳላችሁበት ነው እንጂ ወደ ግድግዳው አይደለም።

አግድም የቆመችውን ለማቅናት፣ መጀመሪያ ትንሽ ወደፊት ሂጂ። የወጣሽበትን መሪ ሳትለውጪ ወደ ግድግዳዋ መልሻት፤ ስትቀና መሪውን አስተካክለሽ እንደገና ጀምሪ። መመለስ አያሳፍርም። እኔም ስጀምር ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ።

ጫማው ለምናለ ልኩ ከሆነ ይውሰደው።

አጎትሽ ሰፍዋን


ሸሕዲ
ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ ለሰፍዋን

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ቁስልዎን ያድርቅልዎ፤ የቀረውን እግርዎን ይጠብቅልዎ። ባለፈው በጻፍኩት አፌን በቆረጠው። ደብዳቤዎን ይዤ ጓዳ ገብቼ ስነፈርቅ ቆይቼ ነው ለእማዬ ያነበብኩላት።

እንዳዘዙኝ ምንም ሳልቀንስ አነበብኩ። እማዬ አላለቀሰችም። «የትኛው እግሩ ነው ያልሽው?» አለችኝ። ደግሜ አነበብኩላት። ከዚያ እጇን ጡቷ ሥር ሰዳ ቁልፉን አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ቁልፉ ሞቆ ነበር። «ተነሺ» አለችኝ።

ምናለ የሰሊጥ አገዳና ባዶ ጆንያ ከጎማዋ ሥር ነሰነሰ። ረፊቃ ራሷ መዶሻ ይዛ ወጣች፤ የቀረውን ቆርቆሮ በእጇ ነቅላ «ስሜን ስትጠሩ ዛሬ ሰፋ ያለ ቦታ ይኑራችሁ» አለች። እንዳሉኝ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው መለስኳት። አጎቴ፣ ያን ግድግዳ እንደገና መጠጋት እንዴት እንደከበደኝ! መኪናዋ ቀናች። የኋላ ማርሽ አስገባሁ።

የምናለን ፊት በመስታወቱ ያዝኩት። «ወደ ረፊቃ» ሲለኝ በጣት፣ «ወደ መጋዘን» ሲለኝ በጣት። አንድ ጊዜ ጎማዋ ዋልካው ላይ ተንሸራተተና ፊቱ ጠፋብኝ። ፍሬን ያዝኩ። ቢጮህብኝም አልሰማሁትም፤ ፊቱ ተመልሶ እስኪታየኝ እግሬን አላነሳሁም። ግራ እግሬ ፍሪሲዮኑን እንደረገጠ ነበር። የእርስዎን እግር እያሰብኩ ነው የለቀቅኩት። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ምናለ መንገድ መሐል ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ። «በሬ ብትሆኚ ዛሬ ድርቆሽ እሰጥሽ ነበር» አለኝ።

እማዬን ጋቢና አስገብተን፣ ዕቃውን፣ ረፊቃንና ዕቃዋን ጭነን ከእጀባው ጋር ተሰለፍን። ኮኪት ላይ ዝናብ ያዘን፤ ጭቃውን አልፈን ሸሕዲ ገባን። ምናለ ከዚህ በአውቶቡስ አገሩ ሄደ፤ ሲለየን የእናቴን ጉልበት ስሞ ነው።

የምናድረው የአባቴ ዘመዶች ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ጠባብ ነው፤ ዘመዶቻችን «እንዲሁ በአፍንጫዋ አስገቢያትና እረፊ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ እያየኝ በኋላ ማርሽ አስገባኋት። አፍንጫዋ ወደ በሩ ነው፤ በሩ ደግሞ ወደ መተማ መንገድ ነው የሚከፈተው። ድንበሩ የተከፈተ ቀን ማዞር አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር ግን አልታዘዝንዎትም። ጫማው ለምናለ ልኩ ነበር፤ ሰውየው ደስ ብሎት አድርጎት ቆሞ ነበር። እማዬ አየችውና «አውልቅ ልጄ፣ ሌላ እገዛልሃለሁ» አለችው። ከዚያ ሁለቱንም ወልውላ ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ከነበሩበት ቦታ መለሰቻቸው። እኔ ሞኟ «እማዬ፣ የግራውን ምን ያደርግለታል?» አልኳት።

«ጫማ ተነጥሎ አይቀመጥም» አለችኝ። «መጥቶ የሚበቃውን ራሱ ያንሳ።»

የእህትዎ ልጅ
ሩፊዳ